በሜዳው ዞረው

የመንገድ ጠባቂው ዣኑዛቅ መዝጊያውን ብረት አውርዶ ሳይቆልፈው፣ አንዲት ነጭ መኪና ጡሩምባዋን እያጮኸች መጥታ ፊቱ ቆመች። እጁን ዘርግቶ ሞተሯ ላይ አሳረፈ፤ ትሞቃለች፣ የእውነት ናት።

ሹፌሩ ዝናብ ያበሰበሰው ስስ ጃኬት ለብሷል። "አባባ፣ ይክፈቱልኝ። አባቴ ሞቶ ነው። ነገ እኩለ ቀን ኮክሸታው ከተማ ይቀበራል።"

"አላህ ይዘንለት። ከየት ነው የመጣኸው?"

"ከደቡብ፣ ከሺምከንት። እዚያ ዝናብ ብቻ ነው።"

"አገሩ ሰፊ ነው፣ ልጄ። የእናንተ ዝናብ እዚህ ሲደርስ መንገዱ ላይ ረግቶ መስታወት ይሆናል። ከዚህ ወዲያ ደግሞ በረዶና ነፋስ ነው። ራዲዮ አልሰማህም?"

"ትንበያ እኮ ነው! ስንቴ ዋሽተውናል?"

ከሁለት ዓመት በፊት እዚሁ ቦታ ይህንኑ ያለው ራሱ ዣኑዛቅ ነበር። ሰማዩ ጠርቶ ነበርና ብረቱን ለአንድ ቤተሰብ አነሳ። መርማሪዎች ስለ ሞታቸው ሊጠይቁ ሲመጡ ግን "በሜዳው ዞረው ነው ያለፉት" አላቸው፤ እነሱም ጻፉት። የሟቹ ሹፌር እናት ዞሮ ቤተሰቡን ፈጀ እያለች እስከ ዛሬ ልጇን ትረግማለች። ነፋስ በተነሳ ቁጥር ዣኑዛቅ ጡሩምባ ይሰማዋል፤ ወጥቶ ሲያይ መንገዱ ባዶ ነው። ፈሪ ሆኗል፣ ከራሱም ይሸሻል።

ሚስቱ ኩልያሽ ሻርፗን ተከናንባ ወጣች። "ምን በብርድ ታቆመዋለህ? ይግባ እንጂ! ሾርባው ደርሷል።"

"እናቴ፣ የበኩር ልጁ ነኝ። አፈር ሳላለብሰው ልቅር?" አለ ሰውዬው። ወደ ዣኑዛቅ ዞረና "ካልከፈቱልኝ በሜዳው እዞራለሁ" ብሎ መሪውን ጠመዘዘ።

ዣኑዛቅ መኪናዋ ፊት ተገተረ።

"አትዞርም! እነዚያም አልዞሩም። እኔ ነኝ የከፈትኩላቸው።"

"እነማን?"

"አራት ነበሩ፤ ሁለቱ ሕፃናት። ሰርግ ሊያመልጠን ነው ሲሉኝ አሳዘኑኝ። በሦስተኛው ቀን ከበረዶው ቆፍሬ ያወጣኋቸውም እኔው ነኝ።"

ኩልያሽ ባለችበት ደርቃ ቀረች። "ዞረው ነው አላልከኝም?"

"ዋሸሁሽ።"

ነፋሱ በረዶውን አስፋልቱ ላይ ይጠርገው ጀመር። ሰውዬው መሪውን እንደጨበጠ "ወንድሞቼ ምን ይሉኛል?" አለ።

"ይሰድቡሃል። ቁጭ ብለህ ትሰማቸዋለህ።"

ሰውዬው ሞተሩን አጠፋና ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ አለቀሰ።

ቤት ሲገቡ ኩልያሽ ለእንግዳው ሾርባ ቀዳች። ለባሏ አልቀዳችም፤ ፊቱንም አላየችውም። ዣኑዛቅ ወደ ዋናው ቢሮ ደወለ።

"መንገዱን ዘግቻለሁ።"

"እሺ፣ መዝግቤዋለሁ" አለች ተረኛዋ። "ሌላ ነገር አለ?"

ሌላ ጊዜ ቢሆን እዚህ ላይ ስልኩን ይዘጋው ነበር።

"አለ" አላት። "የዛሬ ሁለት ዓመት ስለሞቱት ሰዎች ነው። እስክሪብቶሽን እንዳታስቀምጪ።"