ያልተመለሱት

በሕዝብ የምክር አገልግሎት መሥሪያ ቤት ሁለተኛ ፎቅ፣ በዋናው አማካሪ ክፍል ውስጥ፣ «የዳኑ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት የብረት መሳቢያ ነበር። አንድ ባለጉዳይ ሦስት ወር ሙሉ ሳይመለስ ከቀረ ፋይሉ ወደዚያ ይገባል። ደንቡን ያወጡት ዋናው አማካሪ ራሳቸው ናቸው፤ «የታመመ ሰው ደጅ ይጠናል፣ የዳነ ግን መንገድ ይቀይራል» ይሉ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገሉ፣ አንደበታቸው የተወደደላቸው ሰው ስለነበሩ ለምን ያላቸው አልነበረም። መሳቢያው ሞልቶ ሁለተኛ ተጨመረ።

ለጥናት የተመደበችው ባለሙያ ግን በዓመቱ ሪፖርት ላይ «ከመቶው ሰማንያው ድኗል» ተብሎ ከመጻፉ በፊት፣ ከቀሩት መካከል ስልሳውን በስልክ ልጠይቅ ብላ ፈቃድ ለመነች።

«ጠይቂ ልጄ» አሏት አማካሪው እየሳቁ። «ምስጋናውን ብቻ ለብቻሽ እንዳታስቀሪው።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሦስት ገጽ ይዛ ገባች። አርባ አራት ሰው አግኝታለች፤ ተሽሎን ነው የቀረነው ያሉት አሥራ አንድ ብቻ ናቸው።

«የቀሩትስ?»

«ሠላሳ ሦስቱ ከነችግራቸው ናቸው፣ ጋሼ። አብዛኞቹ ሳንናገር ተመከርን ነው የሚሉት።»

«እስቲ አንዱን አንብቢልኝ።»

«አንድ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ልጁ ሞታበት እንቅልፍ አጥቶ የመጣ። ‹ስለ ትዕግሥት አርባ ደቂቃ ሙሉ ነገሩኝ። የልጄን ስም ሳልጠራ ሰዓቱ አለቀ› ይላል።»

«ማን ነበር የተቀበለው?»

አጥኚዋ ወረቀቷን ማስተካከል ጀመረች።

«ገባኝ» አሉ አማካሪው።

ወሬው የመሥሪያ ቤቱን ኃላፊ ጆሮ ለመድረስ አንድ ቀን አልፈጀበትም። መጥቶ በሩን ዘጋ። «ጋሼ፣ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ወር ነው የቀረዎት። እርስዎ ካልፈረሙበት ጥናቱ ለምክር ቤቱ አይቀርብም። ለሚመጣው ዓመት እናሳድረው።»

«ሠላሳ ሦስቱ ሰዎችስ እስከዚያ የት ይደሩ?»

«ስምዎ አለ እኮ።»

«ስሜ በሰው ሕመም ላይ ቆሞ ከሆነ ቀድሞም አልቆመም» አሉት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልኩ ባለጉዳይ ስገሥጽ ኖሬ፣ የራሴን ደብቄ ልሸኝ?»

ፈረሙ። ከፊርማቸው በላይ በእጃቸው እንዲህ ብለው ጨመሩ፦ «ከሠላሳ ሦስቱ አሥራ ዘጠኙን የተቀበልኩ እኔ ነኝ። ከእንግዲህ በመጀመሪያው ቀጠሮ አማካሪ ከአሥር ደቂቃ በላይ አይናገር። የቀረ ሰው በወሩ ለምን እንደቀረ ይጠየቅ።» ሰው ስሕተቱን በሌላ አፍ ሲሰማ ያፍራል፤ በገዛ እጁ ሲጽፈው ግን ይቃናል።

ከዚያ አጥኚዋን አስጠርተው የሾፌሩን ቁጥር ተቀበሉና ስልኩን ሳቡት።

«እኔ ልደውልልዎ?» አለች አጥኚዋ።

«ያባረርኩት እኔ፣ የምትጠሪው አንቺ? አይሆንም።»

ሾፌሩ አነሳ። «ማን ልበል?»

«ስለ ልጅዎ አንድ ቃል ሳልጠይቅ የሸኘሁዎ አማካሪ ነኝ። ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው።»

ከወዲያኛው ጫፍ የሞተር ድምፅ እንጂ መልስ አልተሰማም። አማካሪው ዝምታውን በቃል ለመሙላት አልሞከሩም። ሞተሩ ጠፋ።

«ዘጠኝ ዓመቷ ነበር» አለ ሾፌሩ። «መስኮት በኩል ካልተቀመጥኩ ትል ነበር።»

አማካሪው ብዕራቸውን አስቀመጡና ማዳመጥ ጀመሩ።