የኋላ ግራ ይጠብቃል

፩

«መኪናው የት አለ?»

፪

ጠያቂው ጎሚስታው ሙሄ ነው። ተጠያቂው ጡረታ የወጡት የአማርኛ መምህር አንዳርጌ ናቸው። ዓርብ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ፤ ደሴ፣ ሙሄ ጎማ ቤት ደጃፍ ላይ።

መምህሩ የመጡት ለጠብ ነበር። ጠዋት ሁለት አዲስ የኋላ ጎማ እንዲገጠምላቸው መኪናቸውን እዚህ ጥለው ሲሄዱ «ከአሮጌዎቹ ደህናውን ለስኮርታ ከኋላ አስቀምጥልኝ» ብለው ነበር። መጠባበቂያው ጎማ ግን አልተቀመጠም። ስለዚህ ከቤታቸው እስከዚህ በእግራቸው ሲመጡ የሚናገሩትን እየደረደሩ ነው የመጡት፤ በምን እንደሚጀምሩ፣ የቱ ላይ ድምፃቸውን ከፍ እንደሚያደርጉ ሁሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማረ ሰው ሲቆጣም በተራ በተራ ነው።

ያ የደረደሩት ሁሉ ከአፋቸው ሳይወጣ ቀረ፤ ሙሄ ቀደማቸዋ።

«መኪናውማ ልጄ ገና አሁን ይዛው ወርዳለች» አሉ። «ያምሮት። ኮምቦልቻ፣ ሆስፒታል፣ የከሰዓት ተረኛ ናት።»

ሙሄ እጁን ኪሱ ከተተና ሁለት አዲስ ዳዶ አውጥቶ መዳፉ ላይ አሳያቸው። ዳዶ ጎማውን ከመኪናው ጋር አጥብቆ የሚይዘው፣ ብሎኑ ላይ የሚጠመዘዘው ብረት ነው። ለእሳቸው መኪና ለአንድ ጎማ አራት ያስፈልጋል።

«ሁለቱ እዚህ ናቸው» አለ። «ሁለቱን በእጄ ብቻ ነው ያስያዝኳቸው። ቁልፍ አልነካቸውም ጋሼ።»

፫

ሐረጎ።

፬

ደሴን ለማያውቅ አንባቢ፦ ሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደው መንገድ ነው። አንዱን ኩርባ ዞረህ ተገላገልኩ ስትል ሌላው ይቀበልሃል። በአንድ ወገን ተራራ፣ በሌላው ወገን ገደል። ደህና መኪና የያዘ ሰው እንኳ ጨዋታውን አቁሞ ነው የሚወርደው።

ደሴን የምታውቅ ከሆነ ይህን ዝለለው። መምህር አንዳርጌ ግን ሊዘሉት አልቻሉም። በሩ አጠገብ ከተከመረው አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አሉ። ፈሩ። ላሳምረው ብል አላሳምረውም፤ ፈሩ። ስልካቸውን አወጡ።

፭

የስልክ መዝገብ

8፡17 — ያምሮት። ጠራ፤ አልተነሳም።

8፡18 — ያምሮት። ጠራ፤ አልተነሳም።

8፡18 — ያምሮት። ጠራ፤ አልተነሳም።

የማታነሳው ለምን እንደሆነ ያውቃሉ። መንዳት ያስተማሯት ራሳቸው ናቸው። «መሪ ይዘሽ ስልክ ያነሳሽ ዕለት ቁልፉን እቀማሻለሁ» ብለዋታል። እሷም የአባቷን ቃል የምታከብር ልጅ ናት። ምነው ባላከበረች፣ አሉ በሆዳቸው። ምነው ባለጌ አድርጌ ባሳደግኳት።

፮

አሁን ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። እነዚህ ሁለት ሰዎች ሊጯጯሁ ነው፤ ነገሩን አስቀድሜ ካልነገርኩህ ማን ምን እንዳለ አይገባህም።

ሙሄ የቀኙን ጎማ ጨርሶ የግራውን ሲያስር ሁለቱ ዳዶዎች ጥርሳቸው ተበልቶ አገኛቸው። አዲስ መግዛት ያስፈልጋል። በዚያው የጁምዓ ሰዓት ደረሰ። ሰው በሌለበት መኪና ክሪክ ላይ ተሰቅሎ አይተውም፤ ስለዚህ ደህናዎቹን ሁለቱን በእጁ አስይዞ መኪናውን አወረደው። ሰግዶ፣ በዚያው ዳዶ ገዝቶ ሊመለስ ነው። በሩ ላይ ዱላ አጋደመ፤ «ባለቤቱ ለጸሎት ሄዷል፣ ይመለሳል» ማለት እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ባለመኪናው ቢመጡስ? ይህንንም አሰበ። ሙሄ ግዴለሽ ሰው አይደለም፤ ይህን ልብ በልልኝ። ካርቶን ቀደደ፤ በከሰል ጽፎ የፊት መስታወቱ ላይ ሰካው።

የኋላ ግራ ይጠብቃል

መምህሩ ሰባት ሰዓት ተኩል ሲሆን መጡ። መኪናው ደጅ ቆሟል፣ ትርፍ ቁልፍ ኪሳቸው ውስጥ ነው፣ ልጅቱ ቸኩላለች። ካርቶኑን አነበቡ። «ጎበዝ» አሉ። ካርቶኑን ጎማ ክምር ላይ ጣሉትና አስነስተው ሄዱ።

፯

ይህን ቁጥር ድምፅህን አውጥተህ አንብብ።

ይጠብቃል።

በመጀመሪያ «ብ»ን ላላ አድርገህ በለው። ብሎን ይጠብቃል፤ ገመድ ይጠብቃል። አስተማማኝ ነው፤ ሂድ።

አሁን «ብ»ን ረገጥ አድርገህ በለው። ሰው ወረፋ ይጠብቃል፤ እንግዳ ይጠብቃል። ገና ነው፤ አትንካው።

ጽሕፈታችን ለሁለቱም ያለው መልክ አንድ ነው። ላልቶ ይነበብ፣ ጠብቆ ይነበብ፣ ያንን ለአንባቢው ትቶታል። ይህም አልበቃ ብሎ፣ ፊደሉ ሲላላ ብሎኑ ጠበቀ፤ ፊደሉ ሲጠብቅ ብሎኑ ላላ።

ሙሄ ጠበቅ አድርጎ ጻፈ። መምህሩ ላላ አድርገው አነበቡ።*

* መምህር አንዳርጌ ላልቶና ጠብቆ የሚነበቡ ቃላትን ለአምስተኛ ክፍል ሲያስተምሩ ሰሌዳው ላይ የሚጽፉት ምሳሌ ይኸው «ይጠብቃል» ነበር። ከግርጌ ያደረግሁት ከላይ ብጽፈው ስለሚያፍሩ ነው።

፰

ክርክሩ፣ ቃል በቃል። 8፡19 ተጀመረ።

መምህር፦ «ይጠብቃል» ብለህ ጽፈህ አሁን አልጠበቀም ትለኛለህ?

ሙሄ፦ ጋሼ፣ «ይጠብቃል» ነው ያልኩት። እኔ እስክመለስ።

መምህር፦ እንዲያ ከሆነ «ይቆይ» አይባልም? «አይነካ» አይባልም?

ሙሄ፦ የጠበቀ ቢሆንስ «ጠብቋል» ብዬ አልጽፍም ነበር?

(መምህሩም ያውቁታል። እውነቱን ነው። አልቆ የተሰጠ ሥራ «ጠብቋል» ነው የሚባለው። አንድ ተማሪ ቢስተው ቀይ እስክሪብቶ ያነሱ ነበር።)

መምህር፦ ሥራህን ሳትጨርስ ነው የሄድከው።

ሙሄ፦ በሬ ላይ ዱላ ተጋድሞ እያለ ነው የወሰዱት። አላስረከብኩዎትም።

መምህር፦ የገዛ መኪናዬን ነው የወሰድኩት።

ሙሄ፦ ማን አይደለም አለ?

መምህር፦ እከስሃለሁ። ፈቃድህን አስነጥቅሃለሁ።

ሙሄ፦ ይክሰሱኝ። ካርቶኑ ያውና፣ ወስደው ዳኛው ፊት ያንብቡት።

8፡24።

፱

አምስት ደቂቃ።

ቁልቁለት ላይ አምስት ደቂቃ ስንት ኩርባ እንደሆነ አንተው አስላው። እዚህ ላይ እኔም ብዕሬን ወርውሬ ልነሳባቸው ቃጥቶኝ ነበር። ሽበት ያበቀሉ ሁለት ሰዎች ልጅ ገደል አፋፍ ላይ እያለች በአንዲት ፊደል ይነታረካሉ። ግን አልፈርድባቸውም። ሰው ክፉኛ ሲፈራ የሚጨብጠው ነገር ይፈልጋል፤ ጥፋተኛ ደግሞ ለመጨበጥ ይመቻል።

የስልክ መዝገብ

8፡25 — ያምሮት። «የደወሉላቸውን ደንበኛ ለጊዜው ማግኘት አይችሉም።»

ቀድሞ ይጠራ ነበር። አሁን አይጠራም። መምህሩ ስልኩን ለሙሄ ዘረጉለት፤ እሱ ቢያዳምጠው ሌላ ነገር የሚል ይመስል። ሙሄም ተቀብሎ አዳመጠ።

«ይነሱ ጋሼ» አለ። «እንውረድ።»

፲

ለሙሄ ያልነገሩት ነገር አለ። ለአንተም ባይነገርህ ደስ ይላቸው ነበር።

ከጎማ ቤቱ ወደ ቤታቸው ሲነዱ ከኋላ በስተግራ ቋ… ቋ… የሚል ሰምተዋል። ጠጠር ገብቶበት ነው አሉ። ዜና ሰዓት ነበርና ሬድዮውን ከፍ አደረጉት። ቤት ሲደርሱ ያምሮት ምሳዋን በልታ እጇን እየታጠበች ነበር።

«ጎማው እንዴት ነው አባዬ?» አለቻቸው።

«ጠብቋል» አሉ። «ምንም አታስቢ።»

፲፩

ሙሄ ሞተር ሳይክሉን አስነሳ። መምህር አንዳርጌ በስልሳ አራት ዓመታቸው ሞተር ላይ ወጥተው አያውቁም። ወጡ። የሚይዙት ሲያጡ አሁን ሲሰድቡት የነበረውን ሰው ወገቡን አቀፉት። ሙሄ «ቢስሚላህ» አለ፤ እሳቸው አማተቡ፤ ወረዱ።

ኩርባ

ማንም የለም።

ኩርባ

ከታች የሚወጣ አይሱዙ። ሙሄ እጁን አውለብልቦ አስቆመው። «ነጭ ቤት መኪና አላየህም? ሴት የምትነዳው?» ሾፌሩ አሰብ አደረገ። «ነጭ ብዙ አለ ወንድሜ» አለ።

ኩርባ

አስፋልቱ ላይ ወደ ገደሉ ጠርዝ የሚሄድ ጥቁር ጭረት። የትናንት ይሁን የዛሬ ማን ያውቃል። ሙሄ ሳይቆም አለፈ፤ መምህሩ ግን ከኋላው ዞረው እያዩት ቀሩ።

ኩርባ

መምህሩ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ኩርባ

፲፪

«ሙሄ» አሉ ጆሮው ሥር። ንፋሱ ቃሉን እየነጠቀ ስለሚወስድባቸው ጮክ ማለት ነበረባቸው። «ጥፋቱ የኔ ነው። ያነበብኩት እኔ ነኝ።»

«የለም ጋሼ። ማሰር ነበረብኝ። አንድ ሶላት ባረፍድ አላህ አይጥለኝም ነበር።»

«ድምፁን ሰምቼ ዝም ብያለሁ እኮ። ቋ ቋ ሲል ሰምቻለሁ።»

«ቢሆንም የኔ ነው። ጎማው እጄ ላይ ነበር።»

«የኔ ነው አልኩህ።»

«አይሆንም ጋሼ። የኔ ነው።»

ቅድም አንዱ ሌላው ላይ ሲወረውረው የነበረውን አሁን ይሻሙበት ጀመር። ቀድሞ የወሰደው ልጅቱን የሚያስመልስ መስሏቸው ነው። እኔም ብሆን እንደዚያው አደርግ ነበር።

«አብሽሩ፣ አይዞዎት» አለ ሙሄ በመጨረሻ። እያለም ፍጥነቱን ጨመረ።

፲፫

ቅጠል።

ከሚቀጥለው ኩርባ በፊት አስፋልቱ መሐል እርጥብ ቅርንጫፍ ተጥሏል። ጥቂት ወረድ ብሎ ሌላ። ከዚያም ሌላ። አገር አቋራጭ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከፊት የቆመ መኪና አለ፣ ቀስ በል ማለት ነው። መኪናው የተበላሸበት ሾፌር ራሱ ቆርጦ ይጥለዋል። ሾፌሩ መጣል ካልቻለ ደግሞ አላፊ አግዳሚው ይጥልለታል።

ሙሄ ሞተሩን አጠፋ። ከኩርባው ወዲያ የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል። ምን እንደሚሉ አይለይም።

መምህሩ ወርደው አንዱን ቅርንጫፍ አነሱት። ባሕር ዛፍ ነው። ጫፉን አገላብጠው አዩት፤ በእጅ ተቀንጥሶ ነው ወይስ በስለት ተቆርጦ? ያምሮት ስለት የላትም። አንደኛው ወገን የተቆረጠ ይመስላል፣ ሌላኛው ወገን ተሸልቅቋል። ምንም ሊገባቸው አልቻለም።

«አንተ ቅደም» አሉት። «እኔ ማየት አልችልም ልጄ። እይና ንገረኝ።»

ሙሄ ሄደ። ኩርባው ጋ ሲደርስ ቆመ። መምህሩ የሚያዩት ጀርባውን ብቻ ነው።

«አልሐምዱሊላህ» አለ።

ባለፈው ዓመት ሙሄ እናቱን ሲቀብር መምህሩ ለቀስተኛ ሆነው ቆመው ነበር። አፈሩ ተመልሶ ሲያልቅ ያለው ቃል ይኸው ነበር። የበኩር ልጁ የተወለደች ዕለትም ጎማ ቤቱ በር ላይ ሆኖ ላለፈ ላገደመው የተናገረው ይኸው ነበር።

«ሙሄ፣ ምን ማለትህ ነው?» አሉ።

ሙሄ መሮጥ ጀመረ።

መምህር አንዳርጌም ቅርንጫፉን እንደያዙ ኩርባውን ዞሩ።

፲፬

ላልቶ ይነበብ፣ ጠብቆ ይነበብ፣ ይህን ቁጥር ለአንተ ትቼዋለሁ።

 

 

……………………………………