ሾርባው ሳይቀዘቅዝ

ቴሆ ምግብ ሲቀርብለት አይበላም፤ ፎቶ ያነሳል። በደቡብ ኮሪያ ቡሳን ወደብ አጠገብ ማታ ማታ የሸራ ድንኳን ተክለው ምግብ የሚሸጡት ሁሉ ይህን አመሉን ያውቁታል። እንፋሎቱን፣ የአምፖሉን ቢጫ ብርሃን፣ ሽንኩርት የሚከትፉትን እጆች ሲያሳድድ የቀረበለት ሾርባ ይቀዘቅዛል። በዚህ ነገር ከማንም በላይ የሚንጨረጨሩት እትዬ ቦንግሱን ነበሩ።

«አንተ ሰውዬ፣ ዓይንህ ነው የሚበላው?» ይሉታል ጭልፋቸውን እያወዛወዙ። «ብላ እንጂ! የዓሣ ሾርባ ከቀዘቀዘ ውሻም አይልሰው!»

«አንዴ ብቻ፣ አክስቴ። እንፋሎቱ ሊጠፋብኝ ነው።»

«አንተ ራስህ በረሃብ ልትጠፋ ነው!»

እንዲህ እየተነታረኩ ስንት ዓመት ኖሩ። ታዲያ በዚያ ሁሉ ዓመት የእሳቸውን ፊት አንስቶ አያውቅም። ፊት የገባበት ፎቶ የመታወቂያ ፎቶ ይመስላል ባይ ነው፤ እሱ የሚወደው ጀርባቸውን፣ እጃቸውን፣ በእንፋሎት ተሸፍነው ሲያጎነብሱ ማንሳት ነው። ያነሳውን ፎቶ በኮምፒውተር መነካካትማ ጭራሽ ነውር ነበር። «ያላየሁትን አልጨምርም» ይላል ደረቱን ነፍቶ። አይ ኩራት!

ብርዱ ሊገባ ሲል አንድ ማታ፣ ደንበኛ ቀለል ሲልላቸው እትዬ ቦንግሱን መጥተው አጠገቡ ቁጭ አሉ።

«አንድ ነገር ላስቸግርህ። የለቅሶዬን ፎቶ አንሳኝ።»

በለቅሶ አዳራሽ ነጭ አበባው መሐል የሚቆመውን፣ ለቀስተኛ የሚሰግድለትን ፎቶ ማለታቸው ነው። ሽማግሌ ሁሉ በቁሙ ይነሳዋል፤ እንዲያውም ዕድሜ ይጨምራል ይባላል።

«ምን ሟርት ነው የሚያወሩት!» አለ ቴሆ። «እርስዎ እኮ ገና መቶ ዓመት ይኖራሉ።»

«መቶ ዓመት ሙሉ ሾርባ ላፈላ? ተወኝ እባክህ!» ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አረንጓዴ የሐር ሃንቦክ፣ የአገር ባህል ቀሚስ አሰፍቻለሁ። ዕድሜ ልኬን ሰው የሚያየኝ በዚህ ሽርጥ ነው። ሊሰግዱልኝ ሲመጡ እንኳ ሽርጥና ጭልፋ አይዩብኝ። አንድ ቀን እንኳ እመቤት ልምሰል።»

«እሺ፣ ሌላ ጊዜ» አለ።

እውነቱን ለመናገር ፈርቶ ነው። ያነሳቸው ዕለት የሚሞቱ መሰለው። በሌላ ማታ ጠየቁት፤ አሁንም ሌላ ጊዜ አለ። በኋላ መጠየቁን ተዉት፤ እሱም ተገላገልኩ አለ።

ብርዱ በጠናበት ሰሞን እትዬ ቦንግሱን ጠዋት ዓሣ ሊገዙ ወጥተው ገበያ መሐል ወደቁ። በዚያው አልተነሱም።

በማግስቱ ሴት ልጃቸው ሃዮን ከእነ ጥቁር ልብሷ ቴሆ ቤት መጣች።

«ጋሼ ቴሆ፣ የእማዬን ፊት ይስጡኝ» አለች ገና ከበሩ። «ስልኬን ባነሳሁ ቁጥር ፊቷን በእጇ ትሸፍን ነበር። የመታወቂያዋም የልጅነቷ ነው፤ ማን ያውቃታል? ማታ ለቀስተኛ ይገባል፣ ፍሬሙ ባዶ ነው። እርስዎ ጋ መቼም አይጠፋም።» ከዚያ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። «ይሄ ደግሞ ከድንኳኑ ሣጥን ተገኘ። አዲስ ሃንቦኳ ነው፤ ዓሣ ዓሣ ሸቷል። እዚያ ምን ሊሠራላት ነው?»

ቴሆ ክው አለ። አንድ ማታ «በሉ ዛሬ ላንሳዎት» ቢላቸው ብለው፣ ልብሱን ይዘው እየወጡ ሲጠብቁት ኖረዋል ለካ። ቁጭ ብሎ ሁሉንም ነገራት።

ሃዮን ሃንቦኩን መልሳ ጠቀለለችው። «ታዲያ አንድ ማታ ብቻ ምን ነበረበት?» አለች።

«ምንም» አለ ቴሆ።

ኮምፒውተሩን ከፍቶ ይፈልግ ጀመር። እጅ፣ ጀርባ፣ እንፋሎት፣ ደግሞ እጅ። «እጅ ምን ያደርግልኛል አሁን!» ብሎ ጠረጴዛውን መታ። በመጨረሻ ተበላሹ ብሎ ከጣላቸው መሐል አንዱ ወጣ። እትዬ ቦንግሱን ድንገት ወደ ካሜራው ዞረዋል፤ እንፋሎቱ ተገልጧል፤ ዓይናቸው ፈጧል፣ አፋቸው ተከፍቷል፣ ጭልፋው ተነስቷል። «ብላ!» እያሉት ነው።

«ወይኔ እማዬ! እሷው ናት!» ሃዮን እየሳቀች አለቀሰች። «ይኸው ይሁን፤ እንዳለ ይሁን።»

«አይሆንም። ሽርጥና ጭልፋ አይዩብኝ ብለዋል» አለ ቴሆ። «ትከሻሽ የእሳቸው ነው፤ ሃንቦኩን ልበሺው።»

ሃዮን የእናቷን ሃንቦክ ለብሳ መስኮቱ አጠገብ ቆመች፤ አነሳት። ከዚያ ያ ያላየሁትን አልጨምርም ባዩ ሰው ተቀምጦ ሽርጡን ፋቀ፣ ጭልፋውን አጠፋ፣ የልጅቷን ትከሻ ከእናትየው አንገት ጋር አገናኘ። የተከፈተውን አፍ ግን አልነካውም፤ እሱንማ ማን ደፍሮ ይዘጋዋል?

ያን ማታ ወደቡ ጋ ድንኳን የተከለ የለም፤ ሁሉም አዳራሹ መጡ። የጎረቤት ድንኳን ባለቤት የሆነው ሽማግሌው ዶክሱ ሰግዶ ቀና ሲል ከፎቶው ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠመ።

«ኧረ! ዛሬም ሊቆጡን ነው እንዴ?» አለ። ለቀስተኛው በእንባው መሐል ሳቀ። ዶክሱ አፍንጫውን እየጠረገ፣ «ግን እንዴት አምሮባቸዋል!» አለ። «የትልቅ ቤት እመቤት!»

ቴሆ ሰግዶ ተቀመጠ። የለቅሶውን ቀይ የሥጋ ሾርባ አምጥተው ፊቱ አስቀመጡለት፤ እንፋሎቱ በመብራቱ ላይ ይጥመለመላል። እጁ እንደ ልማዱ ወደ ካሜራው ሄደ። ቀና ሲል እትዬ ቦንግሱን አፍጥጠውበታል።

ካሜራውን ጠረጴዛው ሥር አስቀመጠና ማንኪያውን አነሳ። ምላሱን አቃጠለው፤ እንባው እየወረደ ጎርሶ ጎርሶ ጨረሰው።

ሃዮን ባዶውን ሳህን አይታ ቀረበች። «ይጨመርልዎት?»

«ጨምሪልኝ» አለ። «ትኩሱን።»