በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ባለቤቴ ሳቀች

እኔ ሳልፈቅድለት የሳቀ ቤተሰብ የለም። በቴሌቪዥን ጣቢያው የሲትኮም፣ ማለትም የአስቂኝ ተከታታይ ድራማ፣ መርማሪ ነኝ፤ «ለቤተሰብ ይሆናል» የሚለው ማህተም ያለው እኔ ኪስ ውስጥ ነው። መሥሪያ ቤት «መቀስ» ይሉኛል። ባለጌ ቀልድ ገና ከተዋናዩ አፍ ሳይወጣ ይሸተኛል። መሳም ሲመጣ ደግሞ ሦስት ግድግዳ የሚሻገር ሳል አለኝ፤ ሳስል ትዕይንቱ ይቆረጣል፤ በዚህ ሳል ስንት ሺህ አባትና ልጅ ከመተፋፈር አድኛለሁ!

ደንባችን መርማሪው ድራማውን ከቤተሰቡ ጋር ቁጭ ብሎ እንዲያይ፣ ማን በስንተኛው ደቂቃ እንደሳቀም ቅጽ ላይ እንዲሞላ ያዛል። እኔ የሞላሁት ቅጽ ቢደረደር ጣሪያ ይነካል። ችግሩ፣ ከባለቤቴ ጋር አንድ ሶፋ ላይ ከተቀመጥን ሁለት ዓመት ሊሆነን ነው። እሷ ጓዳ ከስፌት መኪናዋ ጋር፣ ልጃችን መኝታ ቤቷ ከስልኳ ጋር፣ እኔ ሳሎን ከማህተሜ ጋር። ሳቃቸውን የምሞላው ከራሴ አፍልቄ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ባለቤቴ ሻንጣ ይዛ ወደ ሳሎን ወጣች። በሌላው እጇ የቅጾቼን ቅጂ ይዛለች፤ ሻንጣውን ስታወርድ ቁምሳጥኑ አናት ላይ አግኝታው ኖሯል።

«በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ባለቤቴ ሳቀች» ብላ አነበበች። «በአሥራ ሰባተኛው፣ ትከሻዬን ተደግፋ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። አንተ ሰውዬ፣ ይቺ ሴት ማናት?»

«አንቺ ነሻ!»

«እኔማ እህቴ ጋ ልሄድ ነው፤ ታክሲ ጠርቻለሁ። ይቺን የምትስቀውን አግባት።»

ልጄ በበሩ ብቅ አለች። «አባዬ፣ እኔስ ስንቴ ሳቅሁ?»

«አንቺማ... ዘጠና ስምንት ጊዜ።»

«ወይ ጉድ! ያን ሁሉ ስቄ አንጀቴ አለመቆረጡ!»

በቀን ሃምሳ ቀልድ የምመዝን ሰውዬ ልመና ገባሁ። «በናትሽ» አልኳት ባለቤቴን፣ «ታክሲው እስኪደርስ አንድ ክፍል ብቻ አብረን እንይ። ካልሳቅሽ ሻንጣሽን ራሴ እሸከማለሁ።»

ኮቷን ሳታወልቅ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ልጄ መሀላችን ገባች። እንዲከተሉኝ ቀድሜ ጣሪያ የሚያነሳ ሳቅ ለቀቅሁ።

«አባዬ፣ ገና ርዕሱ ነው'ኮ» አለች ልጄ።

ድራማው ስለ አንድ ባል ነው። ለሚስቱ ልብስ ማጠቢያ ማሽን እጠግናለሁ ብሎ ቤቱን በውኃ ያጥለቀልቃል። እኔ ፎቶ እንደሚያነሳ ሰው የባለቤቴን ከንፈር እጠብቃለሁ፤ ንቅንቅ የለም። መጨረሻ ላይ ሰውዬው ሱሪውን እንደጠቀለለ ወደ ሚስቱ ተጠጋ። ጉሮሮዬን ሳዘጋጅ ባለቤቴ እጇን አነሳች።

«አታስል። ልየው።»

ሰውዬው አልሳማትም። «ደክሞሻል?» ብቻ አላት።

ባለቤቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ከዚያ ተነሳች።

«ለቤተሰብ ይሆናል?» አልኳት፣ ሌላ ነገር ጠፍቶኝ።

«ይሆናል። ቤተሰብ ላለው።»

ልጄ በሩ ላይ ቀረች፤ እኔ ሻንጣዋን ተሸክሜ ከባለቤቴ ጋር የሕንፃውን ደረጃ ወረድን። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቆምኩ።

«ደክሞሻል?»

«ከቴሌቪዥኑ ሰምተህ ነው።»

«አዎ» አልኩ።

ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። «በጣም» አለች። አጠገቧ ልቀመጥ ስል ታክሲው ታች ጥሩንባውን ነፋ። ሻንጣዋን ከእጄ ወስዳ ወረደች። ልጠራት አፌን ከፈትኩ። የሚመጣልኝ ሁሉ ጉራ ብቻ ሆነብኝና መልሼ ዘጋሁት።