ሚፍታር ያልመለሰው ልጅ

እማማ ሹክሪዬ ሐሙስ ሐሙስ ከገበያ መልስ ሚፍታር ቤት ጎራ ማለት ልማዳቸው ነበር። ጫማቸውን ደጃፍ ላይ አውልቀው ይገባሉ። የሚፍታር ሚስት ቫይዴ በትንሿ ብርጭቆ ሻይ ትቀዳላቸዋለች። ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ቃሪያ ዋጋ፣ ጀርመን አገር ስለተዳረችው ልጃቸው ያወራሉ። ሻዩ ሲበቃቸው ማንኪያቸውን በብርጭቆው አፍ ላይ አጋድመው ወደ ሚፍታር ዞር ይላሉ።

«እህስ ልጄ፣ በረዶው ቀለጠ?»

«ገና ነው እማማ። ላይ ላዩ ገና አለ።»

በሰኔም ይጠይቁታል፤ በሰኔም «ገና ነው» ይላቸዋል። ከዚያ ወዲያ ነገር አይጨምሩም፤ ከረጢታቸውን አንስተው ይሄዳሉ።

ሚፍታር ከጦርነቱ በፊት የጂኦግራፊ መምህር ነበር። የአልባኒያ ተወላጅ ልጆች ከኮሶቮ ትምህርት ቤቶች ሲባረሩ በሰው ሳሎን ውስጥ ካርታ ሰቅሎ ያስተምር ነበር። ተኩሱ መንደሩ ሲደርስ ካርታውን ጠቅልሎ ጫካ ገባ፤ ዓመት ሳይሞላው መቶ አርባ ሸማቂዎች የሚያዝዝ አዛዥ ሆነ። ተከትለውት ከገቡት አንዱ የቀድሞ ተማሪው አስትሪት ነው፤ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ የእማማ ሹክሪዬ አንድያ ወንድ ልጅ። እናቲቱ በሩን በሁለት እጃቸው ዘግተው «በሬሳዬ ላይ ተራምዶ ይሂድ» ሲሉ፣ ሚፍታር መዳፉን ደረቱ ላይ አሳርፎ፣ «የወንድ ቃሌን ሰጥቼዎታለሁ። በሕይወትም ይሁን በሬሳ፣ ልጅዎን ከዚህ ደጃፍ አደርሰዋለሁ» አላቸው። በዚያ አገር እንዲህ ያለ ቃል እንደ ዋዛ አይወጣም። እማማ ሹክሪዬ እጃቸውን ከበሩ አወረዱ።

በሚያዝያ ወር የጠላት ጦር ከሦስት ወገን ሲገፋቸው፣ የሚፍታር ሰዎች ድንበሩን ሊሻገሩ ተራራውን ወጡ። የሞርታር ፍንጣሪ አስትሪትን ሆዱ ላይ አገኘው። ሚፍታር አዝሎት ሁለት ሰዓት ያህል በረዶ ውስጥ ተጓዘ። ልጁ ማጅራቱ ላይ ትኩስ ትንፋሽ እየተነፈሰ፣ «መምህር፣ ያውርዱኝ፣ ከበድኩዎ» ይለው ነበር። ኋላ ዝም አለ። ቀትር ላይ፣ እጅን ዘርግቶ ጣትን ማየት በማይቻልበት ጉም ውስጥ፣ በሳንጃና በምግብ ሳህን መሬት ቧጥጠው ቀበሩት። ጠላት እንዳያወጣው ምልክት አላቆሙለትም። ሚፍታር ግን ቦታውን በልቡ ያዘ፤ ከአንድ ሥር ከበቀሉት መንታ ጥዶች ስድሳ እርምጃ፣ ወደ ምንጩ። የጂኦግራፊ ሰው ነኝ፣ ቦታ አይጠፋኝም ብሎ አሰበ።

ጦርነቱ አለቀ። ተራራው ግን ፈንጂ ተቀብሮበት ስለነበር ለዓመታት ተዘጋ። ፈንጂው ተለቅሞ «ክፍት ነው» ሲባል መጀመሪያ የወጣው ሚፍታር ነበር። ደርሶ ቢያይ ጥድ የሚባል የለም። ዳገቱ ተላጭቶ፣ ግማሹን ጉቶ የተንሸራተተ አፈር ውጦት፣ ምንጩም በሌላ በኩል ይፈስሳል። ከአንዱ ጉቶ ስድሳ እርምጃ ቆጠረ። ከሌላውም ቆጠረ። ሲቆጥር ዋለ። የዚያ ሳምንት ሐሙስ እማማ ሹክሪዬ «እህስ?» ሲሉት፣ ሳያስበው «በረዶው አልቀለጠም» የሚል ቃል ከአፉ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው።

በአሥራ አንደኛው ዓመት በጋ መግቢያ ላይ፣ በጦርነቱ የጠፉ ሰዎችን የሚፈልግ ቡድን ደብዳቤ ላከለት። ሦስት ቀን ተፈቅዷል፤ መቆፈሪያ መኪናና የአስከሬን ሐኪም ይመጣሉ፤ ቦታውን የሚያሳየው እሱ ነው። ቫይዴ ደብዳቤውን አንብባ መለሰችለት።

«አሁን እንኳ ለእማማ ንገራቸው።»

«ምን ብዬ?»

«አላውቀውም በላቸዋ! ሰው አይደለህ? ሰው ይረሳል።»

«አልረሳሁም» አለ ሚፍታር። «ይኸው ነው ችግሩ። ሁሉም ትዝ ይለኛል፤ ቦታው ነው የሌለው።»

እማማ ሹክሪዬ ወሬውን በሰዓታት ውስጥ ሰሙ። ካልሄድኩ ብለው ገገሙ። የእግር መንገድ ስለማይችሉ ቻሚል በትራክተሩ ሊያደርሳቸው ተስማማ። ቻሚል የሚፍታር የቀድሞ ተዋጊ ነው፤ በዚያ ሽሽት ግን አልነበረም፣ ታሞ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። ግራ እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ በታች የለም።

ተራራው ላይ ሲደርሱ ሐኪሟ በእጇ ካርታ ይዛ፣ «ከየት እንጀምር?» አለች። ሚፍታር በጣቱ አመለከተ። ጣቱ ከአንዱ ጉቶ ወደ ሌላው ሲሄድ አይታ፣ ሴትዮዋ ጨዋ ናትና፣ ዓይኗን ወደ ካርታው መለሰች። መኪናው መቆፈር ጀመረ። እማማ ሹክሪዬ በትራክተሩ ተሳቢ ላይ በተነጠፈላቸው ብርድ ልብስ ተቀምጠው ይመለከታሉ።

ሁለተኛው ቀን ላይ ስድስት ጉድጓድ ባዶ ወጥቷል። ሚፍታር ከጉቶ ጉቶ ሲዞር ቻሚል እያነከሰ መጣ።

«አዛዥ፣ እዚያ አይደለም። መንታው እዚያ ጋ ነበር፤ ከድንጋዩ በላይ።»

«አንተ እንዴት አወቅህ?»

ቻሚል ሲጋራውን ከአፉ አወጣ። «እኔ ነኛ የቆረጥኩት።»

ሚፍታር ወደ ድንጋዩ ዞሮ አየ።

«ከጦርነቱ በኋላ ሥራ አልነበረም። ፈንጂ አለ ቢሉንም ገባን። ይህቺ እግሬ በውጊያ አይደለም የሄደችው፤ እዚህ ነው፤ እንጨት ስቆርጥ። አንተ ለጡረታዬ በውጊያ ቆስሏል ብለህ ፈረምክልኝ፤ እኔም ዝም አልኩ።»

«መንታውን?»

«መጀመሪያ እሱን ነው የጣልነው። ወፍራም ነበር። ምኑን አውቄ አዛዥ? ማን ነገረኝ? ምልክት መሆኑን ለማንም አልተናገርክም! ላንተም ቤት አንድ ጭነት አምጥቻለሁ። ቫይዴ ቡና አፍልታ ነው የተቀበለችኝ።»

ሚፍታር ክንዱን አነሣ። ቻሚል ፊቱን አልሸሸገም፤ ይልቅስ ወደፊት አቀረበለት። ክንዱ ግን ከትከሻው በላይ አልሄደም፤ ወረደ። ምን ብሎ ይምታው? በዚያ እንጨት ምድጃ እየሞቀ ክረምቱን ሙሉ ጋዜጣ ያነበበው እሱ ራሱ ነው።

ከኋላቸው የእማማ ሹክሪዬ ድምፅ መጣ። ማን እንዳወረዳቸው አላዩም፤ በዱላቸው ተደግፈው ቆመዋል።

«ስለዚህ በረዶው ከቀለጠ ቆይቷል» አሉ።

«እማማ...»

«ስንት ዓመት ሆነው?»

«አሥራ አንድ።»

እማማ ሹክሪዬ ራሳቸውን ነቀነቁ። አልተሳደቡም፣ አላለቀሱም። «በሉ ከድንጋዩ በላይ ቆፍሩ» ብለው ወደ ተሳቢው ተመለሱ።

ከድንጋዩ በላይ ቆፈሩ። በሦስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ የመኪናው ጥርስ አጥንት አወጣ። ሐኪሟ እጇን ዘርግታ መኪናውን አስቆመች፤ ጉድጓዱ ውስጥ ወርዳ በብሩሽ ጠረገች። ሚፍታር አፈሩ ላይ ተቀመጠ። ሐኪሟ ለረጅም ጊዜ አጎንብሳ ቆይታ ቀና አለች።

«የፈረስ ነው» አለች በቀስታ።

«እርግጠኛ ነሽ የኔ ልጅ?» አሉ እማማ ሹክሪዬ። «እስኪ ደግመሽ እዪው።»

ሐኪሟ እርግጠኛ ነበረች፤ ግን ደግማ አየችላቸው።

አሥር ሰዓት ሲሆን የቡድኑ ኃላፊ ዕቃ እንዲሰበሰብ አዘዘ። ሚፍታር ተከተለው። «አንድ ቀን ብቻ። ነገ ብቻ። አፈሩ ተንሸራትቷል፣ ወደ ታች ነው የወረደው፣ አሁን ገባኝ።»

«ጋሼ፣ በእኔ እጅ አይደለም። ሌላም የሚጠብቅ እናት አለ። ወረፋ ነው።»

ሚፍታር መኪናው ፊት ሄዶ ቆመ። «ማንም ከዚህ አይንቀሳቀስም!» ብሎ ጮኸ። በዚያ ድምፅ በአንድ ወቅት መቶ አርባ ሰው መሬት ላይ ይተኛ ነበር። የመኪናው ሾፌር የሃያ ዓመት ያህል ልጅ ነው፤ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «አባባ፣ ዞር ይበሉ፣ እንዳልገጭዎ» አለው። ቻሚል መጥቶ ክንዱን ይዞ ከመንገድ አወጣው። ሚፍታር ተጎተተ።

ሲመለሱ ተሳቢው ላይ ከእማማ ሹክሪዬ አጠገብ ተቀመጠ። ትራክተሩ ድንጋይ በረገጠ ቁጥር ትከሻቸው ይገጫል።

«ቃሌን በልቻለሁ» አላቸው። «ከፈለጉ ይርገሙኝ። ካልሆነም ይማሩኝና ከቃሌ ይፍቱኝ።»

አሮጊቷ ብርድ ልብሱን ጉልበታቸው ላይ ሳቡ።

«አልፈታህም» አሉ። «ብፈታህ ማን ይፈልግልኛል?»

ያን በጋ ሚፍታር አካፋ ይዞ ተራራው ላይ ከረመ። ቻሚልም አንዳንዴ አብሮት ይወጣል፤ ጎን ለጎን ይቆፍራሉ፤ አይነጋገሩም። የጥይት ቀለህ፣ የቆርቆሮ ጣሳ፣ የአንድ እግር ጫማ አገኙ፤ ጫማው የእንጨት ቆራጭ ነበር። በጥቅምት እውነተኛው በረዶ ወርዶ መንገዱን ዘጋው። እማማ ሹክሪዬ በጥር ከአልጋ ዋሉ፤ በሳምንታቸው አረፉ።

ለቀብር ልጃቸው ከጀርመን መጣች። ወንዶቹ ለቅሶ ደራሾችን ለመቀበል በግቢው ሲሰለፉ፣ ሚፍታር ከሰው ኋላ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ነበር። ልጅቱ ሰው እየገፋች መጣች።

«ቤታችን ወንድ የለውም» አለችው። «በልጅ ቦታ፣ ከሰልፉ መጀመሪያ ላይ እርስዎ ይቁሙ።»

«እኔ አይገባኝም ልጄ። ሌላ ፈልጊ።»

«እናቴ ናት ያለችው።»

ሄዶ ቆመ። የመንደሩ ሰው ተራ በተራ እየመጣ እጁን ጨበጠው፤ «አላህ ያጽናህ፣ አንተ ጤና ሁን» እያለው አለፈ። ለእያንዳንዱ የሚመለስ መልስ ነበር፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው። አፉን ከፈተ፤ አልመጣለትም። ስለዚህ እጁን ዘርግቶ ቆመ፤ ሰልፉ ረጅም ነበር፣ ከውጭ በርም አልፎ እስከ መንገዱ ድረስ፣ ገና ብዙ ሰው ይቀረው ነበር።