ሁለት ሰዎች ያጸደቁት ውሃ

መምህሩ በላቸው መቐለ ካለው የዩኒቨርሲቲው እንዳ ኢየሱስ ግቢ ወጥቶ ሁልጊዜ የሚያቋርጠው ባዶ ሜዳ ላይ ሴቶች ጀሪካን ይዘው ተሰልፈው አገኘ። ክረምቱን ደብረ ማርቆስ እናቱ ዘንድ ሊከርም ሲሄድ እዚያ ከድንጋይና ከእሾህ በቀር ምንም አልነበረም። አሁን በጥቁር ድንጋይ የተከበበ ጉድጓድ አለ። በስተምሥራቅ የተሰበረው ጠርዙ፣ ጎኑ ላይ የበቀለችው በለስ፣ ሁሉም ከዚህ በፊት ያየው መሰለው። ያየው ሳይሆን ያነበበው መሆኑ ትዝ አለው።

ባለፈው ዓመት አንድ የምርምር መጽሔት ስለ መቐለ የጉድጓድ ውሃ የተጻፈ ጥናት እንዲገመግም ልኮለት ነበር። የጻፈው ሰው ስም ተሸፍኗል። ገምጋሚዎቹ እርሱና አንድ የማያውቀው ሰው ነበሩ። ሰንጠረዡ ያማረ፣ ስሌቱም ልክ ነበር፤ የተሰበረው ጠርዝና በለሷ ሳይቀሩ ተገልጸዋል። የጉድጓዱ ቦታ በካርታ ቁጥር ተጽፏል፤ በላቸው ግን ቁጥሩ የት እንደሚያርፍ አልፈለገም። ገምጋሚ ጽሑፍ ያነባል እንጂ ሜዳ አይወርድም። ጥቂት ማጣቀሻ እንዲጨመር ጠይቆ አሳለፈው።

ከተሰለፉት መካከል ሐቢባን ያውቃታል፤ ከወሎ መጥታ ግቢው በር አጠገብ ሽንኩርትና ጎመን የምትሸጥ ሴት ናት። እርሷ እንደነገረችው፣ የአንድ ድርጅት ሰዎች ጥናቱን ይዘው መጥተው ጉድጓዱን ፈልገው አጡት። ተደፍኖ ይሆናል ብለው ቁጥሩ ያመለከተውን ቦታ አስቆፈሩ። ውሃው ጥናቱ ባለው ጥልቀት ላይ ብቅ አለ። የድንጋዩ ክብ በተገነባ ማግሥት ጠርዙ በራሱ ተሰበረ። በለሷን የተከላት ሰው የለም።

ቀድሞ እዚህ ጉድጓድ ነበረ ወይ ብሎ ጠየቃት።

«የሠፈሩ ሽማግሎች ኖሮ አያውቅም ይላሉ» አለች ሐቢባ። «ግን ምሁራን መርምረውታል አሉን፤ እኛ ምን እናውቃለን፣ መምህር?»

እስካሁን ለልብስ ብቻ ነበር የሚቀዱት፤ ለመጠጥ የሚጀምሩት በማግሥቱ ነው። በላቸው ውጤት ይዞ እስኪመጣ እንድትታገሥ ለምኗት በሃይላንድ ጠርሙስ ናሙና ወሰደ።

ያን ቀን የታተመውን ጥናት ከፍቶ የጸሐፊውን ስም አየ፤ ዘሚካኤል ይላል። የላከለት ኢሜይል አድራሻው የለም ተብሎ ተመለሰ። አስተምርበታለሁ ወዳለው ኮሌጅ ደወለ፤ በዚያ ስም የሚጠራ መምህር ኖሮ አያውቅም አሉት።

በማግሥቱ የቤተ ሙከራ ባለሙያዋ ሮማነወርቅ ውጤቱን ሰጠችው። ከጥናቱ ሰንጠረዥ ጋር አስተያየው። ፍሎራይዱም ጨዉም እስከ መጨረሻዋ ነጥብ አንድ ነው። ከአንድ ብርጭቆ የተቀዳ ውሃ እንኳ ሁለት ጊዜ ሲለካ እንዲህ አይገጥምም። እንዴት እንደለካችው ጠየቃት።

«ኬሚካሉ ካለቀ ከርሟል፣ ሓወይ። ከጥናቱ ላይ ወሰድኩት።»

«ከየትኛው ጥናት?»

«ከታተመው ነዋ። ሁለት ሰው ገምግሞ ያጸደቀውን እኔ ምን ብዬ ልጠራጠር? ለድርጅቱም ልኬላቸዋለሁ።»

ወደ ሜዳው ሮጠ። ውሃው ንጹሕ ነው የሚለው ወሬ ቀድሞት ደርሷል። ሐቢባ ጣሳዋን ሞልታ ወደ አፏ ስታስጠጋ ክንዷን ያዛት።

«ጥናቱን ካጸደቁት አንዱ እኔ ነኝ» አለ። «ውሃውን አላየሁትም።»

ሐቢባ አተኩራ አየችው። «ታዲያ ምኑን ነው የመረመራችሁት?»

«ጽሑፉን።»

ጣሳውን መሬት ላይ ደፋችው። ሰልፉ ግን አልተበተነም። ከኋላዋ ያለችው ሴት፣ «ሁለተኛው ሰውዬ አይቶት ይሆናላ» አለችና ባልዲውን ወደ ጉድጓዱ ለቀቀች። ያም ሰው ሌላኛው ገምጋሚ አይቶታል ብሎ ሳያሳልፈው እንዳልቀረ በላቸው አሁን ገባው።

ገመዱን ከእጇ ነጥቆ ወረወረው። ባልዲው ገመዱን እየጎተተ ወረደ። ሴቶቹ ተቆጥተው ሊጮኹ ሲሉ አንድ ነገር ከለከላቸው፤ ሁሉም ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ጣሉ። ሐቢባ ጀሪካኗን አንሥታ ወደ ኋላ ሸሸች። ቅድም ጣሳዋን ከሞላችበት ጉድጓድ፣ ባልዲው ውሃው ላይ ሲያርፍ ሊሰማ የሚገባው ድምፅ አልመጣም።