ማዕዘኑ ላይ ያልነበረው ደረጃ

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከጎሚስታው በላይ ባለችው የቅየሳ ቢሮ ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ አለቃው፣ ካርታ ሠሪዋና ቀያሹ። አለቃው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመዋል። ካርታ ሠሪዋ ጫማዋን አውልቃ፣ አንድ እግሯን ወንበሩ ላይ አጥፋ ተቀምጣለች። ቀያሹ እንደ ልማዱ ከበሩ አጠገብ ካለችው ጠረጴዛ ኋላ ተሸሽጓል። ከጠዋት እስከ ማታ አሥር ቃል ስለማይወጣው ባልደረቦቹ «ራዲዮ» ይሉታል።

ሦስቱም ዓይናቸውን የተከሉት ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ስክሪን ላይ ነበር። «አርባ አንድ ከመቶ» ይላል። ትንሽ ቆይቶ «አርባ ሁለት» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተማዋን ለሁለት የሚከፍለው ወንዝ ዝናብ በበረታ ቁጥር ይሞላል። ዘንድሮ የከተማው ምክር ቤት «ውሃው የት የት እንደሚገባ አስቀድማችሁ ንገሩን፤ ሰዉን ከወዲሁ እናነሣለን» ብሎ ነበር። ይህን ለማስላት የእያንዳንዱ መንገድ ከፍታ መታወቅ አለበት። ቀያሹ ሁለት ወር ሙሉ ከሳተላይት ከፍታ የሚያነበውን መለኪያ ዘንግ ጫፍ ላይ አስሮ ከመንገድ መንገድ ሲዞር የከረመው ለዚሁ ነው። ስሌቱ ግን ለቢሮዋ ሦስት ኮምፒውተሮች ባሕርን በጭልፋ ጨልፎ እንደ መጨረስ ሆነባቸው።

ያኔ ነው ማኅበሩ የደረሰላቸው። ማኅበሩ በኢንተርኔት የተሰባሰቡ፣ በአካል የማይተዋወቁ የካርታ ሰዎች ማኅበር ነው። አንዱ የለካውን ለሌላው ያካፍላል፣ የሌላውን ልኬት ያያል፣ ያርማል፤ ኮምፒውተሩ ሥራ ሲፈታም ለቸገረው ያውሳል። ካርታ ሠሪዋ «የኮምፒውተር ደቦ» ትለዋለች። ዛሬ ተራው የእነሱ ነበር። በዓይናቸው አይተዋቸው የማያውቋቸው ሠላሳ ያህል ኮምፒውተሮች እስከ ስድስት ሰዓት ይሠሩላቸዋል፤ አሥር ሰዓት ላይ ደግሞ አለቃው ውጤቱን ይዘው ምክር ቤት ይቀርባሉ።

ለቀያሹ ጉዳዩ የሥራ ብቻ አልነበረም። ልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህቱ የምትኖረው ወንዝ ዳር ባለው መንገድ ነው። ባለፈው ሐሙስ የወጣው የሙከራ ስሌት መንገዷን አረንጓዴ ቀብቶት ነበር። «እትዬ፣ አንቺ ጋ ውሃው አይደርስም» ሲል የምሥራቹን ሮጦ የነገራት እሱ ነው። እሷም የቋጠረችውን ዕቃ ፈታች፤ ሦስቱን የስፌት መኪናዎች ከካርቶን አውጥታ መልሳ በየቦታቸው ደረደረቻቸው።

ስክሪኑ «አርባ አምስት» ሲል የቀያሹ ኮምፒውተር ቅጭል የሚል ድምፅ አሰማ። መልእክት ነበር። የላከችው ከማኅበሩ አባላት አንዷ ናት፤ ማን እንደሆነችና የት እንደምትኖር አያውቁም። በፎቶዋ ፈንታ የቀንድ አውጣ ሥዕል ስላደረገች እነሱም ቀንድ አውጣ ይሏታል። የሌሎችን ልኬት ነጥብ በነጥብ እየለቀመች ማየት ትወዳለች።

«ሰላም። ሥራችሁን እያየሁ ነበር፤ ንጹሕ ነው» ይላል መልእክቱ። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ወንዝ ዳር ባለው መንገድ፣ ማዕዘኑ ላይ፣ መሬቱ በአንድ ጊዜ አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ይላል። እዚያ ደረጃ አለ?»

ቀያሹ ሁለት ጊዜ አነበበው። ያን ማዕዘን እንደ እጁ መዳፍ ያውቀዋል። የሰፈሩ ልጆች የብስክሌታቸውን መሪ ለቅቀው የሚታጠፉበት ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ደረጃ ቀርቶ የሚያደናቅፍ ጠጠር እንኳ የለበትም።

ወዲያው ትዝ አለው። ከማዕዘኑ ወዲያ ግንቡና ዛፉ ሰማዩን ስለከለሉበት፣ ሁለት ሜትር የነበረውን ዘንግ ስቦ ሦስት ሜትር ተኩል አድርጎት ነበር። መለኪያው የሚታሰረው ጫፉ ላይ ስለሆነ፣ የዘንጉ ርዝመት ከሚወጣው ቁጥር ላይ መቀነስ አለበት። ቅጹ ላይ ግን የወትሮው «ሁለት ሜትር» ሳይነካ ቀርቷል። አርባ ሰባት ነጥብ! በስሌቱ ውስጥ መንገዱ ከነቤቶቹ አንድ ሜትር ተኩል ወደ ላይ ተሰቅሏል፤ የእህቱም ቤት አብሮ።

«ማናት? ቀንድ አውጣዋ ናት?» አሉ አለቃው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው። መጥተው በትከሻው ላይ አሻግረው አነበቡ። «እህ፣ እሱማ ይኖራላ። ወንዝ ዳር ሆኖ ደረጃ የሌለው መንገድ የት አለ? አለ በላትና እንገላገል። አለ አይደል?»

ቀያሹ ዓይኑን ከመልእክቱ ላይ አላነሣም።

«ራዲዮ፣ ባትሪህ አለቀ እንዴ?» አለች ካርታ ሠሪዋ።

አንዲት ቃል ብቻ ናት የምትበቃው። «አለ» ቢል ሴትዮዋ አመስግና ታልፋለች፤ አለቃው ውጤታቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ውሸቱን የሚያጋልጥ ውሃው ብቻ ነው። ውሃው የሚመጣው ግን እህቱ ቤት ነው።

«የለም» አለ።

«ምኑ?»

«ደረጃ የለም፣ ጋሼ። ጥፋቱ የኔ ነው። ዘንጉን አስረዝሜ ቅጹ ላይ ሳልጽፈው ቀረሁ። አርባ ሰባቱም ነጥቦች ስህተት ናቸው።»

አለቃው ባገኙት ወንበር ላይ ዘፍ አሉ። የካርታ ሠሪዋ ጫማ ያለው እዚያው ወንበር ሥር ነበርና አንዱን ረገጡባት።

«አንተ ሰውዬ» አሉ፣ «ዓመቱን ሙሉ ዝም ዝም ብለህ ከርመህ፣ ዛሬ አፍህን ከፈትክና ይኼን ነው የምትነግረኝ?»

ካርታ ሠሪዋ ሳቋ አመለጣትና አፏን ያዘች። ከዚያ ግን ሦስቱም ወደ ስክሪኑ ዞሩ። ሒሳቡ ግልጽ ነበር። ስሌቱ ከመጀመሪያው ሲጀመር አምስት ሰዓት ይፈጃል፤ የቀራቸው ጊዜ ሦስት ሰዓት አይሞላም። ሌላ ተራ የሚደርሳቸው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። የአየር ጠባይ ሰዎች ደግሞ ዝናቡ ቅዳሜ ይገባል ብለዋል።

«በል ለማኅበሩ ጻፍ» አሉ አለቃው። «አንተው ጻፍ። የሰው ስህተት በኔ አያምርም።»

ቀያሹ በሦስት ሰው ፊት መናገር የሚጨንቀው ሰው ነው። አሁን ለሦስት መቶ አባላት ሊናዘዝ ነው። መጀመሪያ ነጥቦቹን አንድ በአንድ አስተካከለ። ቀጥሎ ላብ እያጠመቀው ጻፈ፤ ፊደል እንዳይሳሳት ሦስት ጊዜ አነበበው። «ስህተቱ የኔ ነው። ዘንጉን አስረዝሜ አልመዘገብኩም። አሁን ተስተካክሏል፤ ስሌቱ ግን እንደገና መጀመር አለበት፤ ሰዓታችን ደግሞ አይበቃም። ያዋሳችሁንን ጊዜ ስላባከንኩ ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ላከውና ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። ከታች ጎሚስታው ጎማ ሲደበድብ ይሰማል።

«ኧረ ና ተመልከት» አለች ካርታ ሠሪዋ። «አንተ ሰውዬ፣ ተነሥ እንጂ!»

የመጀመሪያው መልስ የጀልባ ሥዕል ካደረገ ሰው ነበር። «እንኳን ወደ ዘንግ ረሺዎች ማኅበር በደህና መጣህ! እኔ አንድ ሙሉ ደሴት ሦስት ሜትር ወደ ሰማይ አንሥቼ አውቃለሁ። ከስድስት ሰዓት በኋላ ያለው ተራ የኔ ነው፤ ውሰዱት።» አንዲት መምህርት ተከተለች፤ «ልጆቹ ከዕረፍት እስኪመለሱ አሥራ ሁለቱ የትምህርት ቤታችን ኮምፒውተሮች የእናንተ ናቸው።» ሌላው ደግሞ፣ «የኔዋ አንዲት ናት፤ አርጅታለች፣ ታቃስታለች፤ ግን አትለግምም» አለ። መልሱ እየተደራረበ ሄደ። ስለ ስህተቱ የተቆጣ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ተቆጥቶ ሲያበቃ አራት ኮምፒውተር አዋሰ።

መጨረሻ ላይ ቀንድ አውጣዋ ጻፈች። «ስለ መልስህ አመሰግናለሁ። እንዲህ ስጠይቅ አብዛኛው ሰው ‹አዎ፣ አለ› ይለኛል።»

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» አሉ አለቃው፣ ከወንበሩ እየተነሡ።

«ጋሼ፣ የእኛ ሎሚ እኮ አርባ ሰባት ነው» አለች ካርታ ሠሪዋ።

አለቃው ሊቆጡ አስበው ሳቁ። ቀያሹም ሳቀ፤ ሳቁ ራሱን አስደነገጠው። ከደረቱ ላይ አንድ ኩንታል የወረደለት ያህል ትንፋሹን ለቀቀ።

ስሌቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አለቀ። የወንዝ ዳሩ መንገድ የታችኛው ግማሽ ቀይ ሆኗል፤ የእህቱ ቤት ከቀዩ ውስጥ ነው። አለቃው ወረቀቱን በብብታቸው ይዘው ወደ ምክር ቤት ሲወጡ፣ ቀያሹ ደረጃውን ወርዶ ወደ እህቱ ሮጠ።

እህቱ አፏ ሙሉ ስፒል ነክሳ የሰው ቀሚስ ታጥፋለች። አየት አደረገችውና ስፒሎቹን አንድ በአንድ አወጣች።

«ማሙሽ፣ ምን ሰበርክ?»

«እትዬ፣ ሐሙስ የነገርኩሽ ስህተት ነበር። ውሃው ይደርሳል።»

ሁሉንም ነገራት። በሕይወቱ እንዲህ ብዙ ተናግሮ አያውቅም። እህቱ ቀሚሱን ጭኗ ላይ አስተኝታ ሰማችው።

«የዛሬውስ እውነት ነው?»

«እውነት ነው። ደጋግሜ አይቼዋለሁ።»

«ተመስገን» አለች።

«እንዴት ተመስገን? ቤትሽን ልትለቂ ነው እኮ!»

«ሐሙስ አይደርስም ካልከኝ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። አትሂጂ ተብዬ ቁጭ ብያለሁ፤ ወንዙ ግን ከጓሮዬ ያጉረመርማል። አንተን ልመን ወይስ ጆሮዬን? አሁን ተገላገልኩ፤ የምሠራውን ዐወቅኩ።» ቀሚሱን አጣጥፋ ተነሣች። «በል፣ አትገተር! ትልቋን መኪና በዚያ በኩል ያዝ። ብትጥላት ግን ወንድሜ ነህ አልልም።»

ተሸክመዋት ወጡ። ዝናቡ ቅዳሜ ማለዳ ጀመረ፤ እሑድ ከቀትር በኋላ ወንዙ ሞልቶ የመንገዱን የታችኛውን ግማሽ እስከ መስኮቶቹ አጥለቀለቀው። በቤቶቹ ውስጥ ማንም አልነበረም።